የመዋኛ ገንዳ ሽፍታና የኩሌ ቦኖ

ለዚህ ወር ያሰናዳነው ጽሑፍ ስለ ሕፃናት ጥርስ አጠባበቅ ነበር። ነገር ግን ከጋምቤላ ክልል፥ ከኩሌ፥ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ቀጠሮ የማይሰጥ ሆኖ ስላገኘነው፥ የጥርሱን ነገር ለሚመጣው ወር አስተላልፈን ዛሬ የርሳቸውን ጥያቄ እንመልሳለን።

ኩሌን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ኩሌ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ፥ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች በ2006 ዓ.ም. በግንቦት ወር የተከፈተ የመጠለያ ሰፈር ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ የኑዌር ወገኖች ሲሆኑ፥ ለማስተማርና ለማከም ከደጋው አገር የወረዱ ቤተ ሰቦችም በአካባቢው ይኖራሉ። ደብዳቤ የጻፉልን እኅታችንም ከነዚሁ አንዷ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ11 ዓመት ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን ከአክስቷ ዘንድ ልታሳልፍ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። በሐምሌ ወር በአንድ ቅዳሜ አክስቲቱ ከገዛ ልጇ ጋር ወደ አንድ መዋኛ ገንዳ ወሰደቻት። ልጅቱ ውኃው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየች ክንዷና ጭኗ ሳማ እንደ ለበለበው ሰው ገላ እያሳከካት ያብጥ ጀመር፤ ስትወጣም ራሷን አዞራትና ደግፈው አስቀመጧት። የአክስቷ ልጅ ግን ምንም ሽፍታ አልወጣበትም፤ ብቻ ዐይኑ ፍም መሰለ፥ እስከ ማታም ሲስል አመሸ። አክስቲቱ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸቻት። አንድ የጎረቤት ወጣት ደግሞ «ይህ የክሎሪን አለርጂ ነው፤ ክሎሪን ያለበት ውኃ ሁለተኛ እንዳይነካት» ብሎ ፈረደ። እብጠቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው በራሱ ጊዜ ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ደብዳቤው ከሌሎች ደብዳቤዎች የተለየ አይዶለም። እኛን ያስደነገጠን ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። እኅታችን ልጃቸው ከተመለሰች ወዲህ የቦኖው ውኃ ክሎሪን ክሎሪን ስለሚሸታቸው፥ እንዳይጎዳት ብለው ለመታጠቢያም ለመጠጥም የወንዝ ውኃ ማስቀዳት መጀመራቸውን ጽፈውልናል። በመጨረሻም ልጅቱ ወደ ጠበል መግባት ትችል እንደ ሆነና፥ በመጪው ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ እንደ እኩዮቿ ብትታጠብ ያስፈራ እንደ ሆነ ይጠይቁናል።

እኅታችን ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንለምንዎታለን። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ጀሪካኑን ወደ ቦኖው ይመልሱት። ያ ውኃ በኢታንግ፥ በባሮ ወንዝ አጠገብ ከተቆፈሩ ጕድጓዶች ተስቦ፥ ክሎሪን ተጨምሮበት፥ ለኢታንግ ከተማ ሰዎችና ለስደተኞቹ ሰፈሮች በቧንቧ የሚታደል ነው። የሚሸትትዎትም መድኃኒቱ ገና በውስጡ መኖሩን የሚናገር ምልክት ነው። በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል ኮሌራ ተነሥቶ ሰው እንደ ፈጀ እርስዎ ከኛ ይልቅ በቅርብ ያውቁታል። ሽፍታ ሁለት ሰዓት ያሳክካል፤ ኮሌራ ግን ጤነኛውን ሰው ጧት ይዞት ማታ ሊገድለው ይችላል። የወንዙን ውኃ እስከ ዛሬ ሳይፈላ የጠጣ ከቤትዎ ቢኖርና ቢያስቀምጠው፥ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይድረስ።

እንግዲህ ወደ ምክንያቱ እንመለስ። ክሎሪን በርግጥ አለርጂ ያመጣልን? አለርጂ ማለት ሰውነታችን የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው፤ ሊጠይቅ በመጣ ዘመድ ላይ ዱላ እንደሚያነሣ ዘበኛ ያለ ነው። የክሎሪን ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ክሎሪን የበረኪና ወገን ነው፤ በረኪና የልብስ አጣቢዋን እጅ የሚልጠው ዘበኛው ተሳስቶ ሳይሆን፥ መድኃኒቱ ራሱ ቆዳን የሚያደርቅና የሚያቃጥል ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በገንዳ ውኃ የሚመጣውን የዐይን መቅላት፥ የቆዳ መድረቅና ማሳከክ በአብዛኛው የክሎሪን አለርጂ አይሉትም፤ መቆጣት ወይም መለብለብ ነው ይሉታል። ችፌ ያለበት ሕፃን ከሌሎቹ ይልቅ ይብስበታል፤ አስም ያለበትም እንዲሁ።

የመጠኑንም ልዩነት ልብ ማድረግ ይገባል። በቦኖ ውኃ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን በተለመደው ጊዜ በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ከዚህ ጥቂት ከፍ ይደረጋል። በመዋኛ ገንዳ ግን ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ይደርሳል። በገንዳ ውስጥ ሰው ለብዙ ጊዜ ተነክሮ ይቆያል፤ በቤት ግን አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሶ ይለቃለቃል።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከገንዳ አጠገብ አፍንጫን የሚመታው ያ ጠረን የንጹሕ ክሎሪን ጠረን አይዶለም። ክሎሪን ከዋናተኞች ላብ፥ ከገላ ቅባትና (ይቅርታ ይደረግልንና) ከሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ነገር ይወለዳል፤ ዐይን የሚያቀላውና ጉሮሮ የሚከረክረው ይልቁንም እርሱ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። እንግዲህ «ኧረ ይህ ገንዳ እንዴት ንጹሕ ነው፥ ከሩቅ ይሸታል» የሚሉ ወላጆች ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። የአክስቲቱን ልጅ ዐይንና ሳል ያመጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጣራ ባለው ገንዳ ውስጥ ደግሞ ክሎራሚኑ ከውኃው በላይ ተኝቶ ስለሚቆይ ሳሉ ይበረታል።

መከላከያውም ቀላል ነው፤ ቀላል ስለ ሆነም ሰው ይንቀዋል። ሳይገቡ በፊት በሳሙና መታጠብ፥ ትናንሾቹን አስቀድሞ ሽንት ቤት መውሰድ፥ ከወጡም በኋላ ወዲያው ገላንና ጠጕርን በንጹሕ ውኃ ለቅልቆ፥ ገላው ርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ወይም ሌላ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት ነው። የመዋኛ ልብሱም ሳይለቀለቅ ደርቆ ዳግመኛ አይለበስ። እኛ በምናስተምርበት ቤት ሳንታጠብ ወደ መማሪያ ክፍል አንገባም የሚል ሕግ ባይኖርም፥ ሳይታጠቡ ወደ ገንዳ መግባት ግን የራስን እድፍ ለሌላ ሰው ማጠጣት ነውና ነውር ብለን ብናስተምረው አናፍርም። ባለ ገንዳዎችንም ዛሬ ውኃው ተመርምሯልን ብሎ መጠየቅ የከፋይ መብት ነው። ከዐይን መከላከያ መነጽሩ ዙሪያ ወይም ከጠጕር መሸፈኛው በታች ብቻ በቀለበት መልክ የሚያሳክከው ሰው ቢኖር ግን ውኃውን አይክሰስ፤ ላስቲኩ አልተስማማውምና በሌላ ዐይነት ይለውጠው።

ሳሉ ወደ ገንዳ በሄደ ቁጥር የሚመላለስ፥ ወይም ደረቱ የሚያፍን ልጅ ቢሆን፥ አስም እንዳይሆን መመርመር አለበት። አስም ያለበት ልጅ ከዋና ይከልከል ማለታችን አይዶለም፤ ዋና ለብዙ አስመኞች የሚመች እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን የሚሳበው መድኃኒቱ ከገንዳው ዳር እንጂ ከቤት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ።

አሁን ወደ ልጅቱ እንምጣ። የርሷ ነገር ከአክስቷ ልጅ ፈጽሞ ይለያል። በደቂቃዎች ውስጥ ያበጠ፥ ሳማ የነካው የሚመስል፥ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ምልክት ሳይተው የጠፋ እብጠት የመለብለብ ጠባይ የለውም። ሐኪሞች ይህን ዐይነቱን ሽፍታ ኡርቲካሪያ ይሉታል፤ ስሙም ሳማ ከሚጠራበት የላቲን ቃል የተወሰደ ነው፤ የኛ እናቶች «ሳማ የለበለበው ይመስላል» ሲሉ ከሐኪሞቹ ጋር ሳይመካከሩ ተስማምተዋል።

ምን አስነሣባት? ከደብዳቤው ውስጥ እኅታችን እንደ ዋዛ የጻፉት አንድ ቃል መንገዱን አሳየን። ልጅቱ ከገንዳው በፊትም በኋላም በአክስቷ ቤት የቧንቧ ውኃ እየተሞቀላት ትታጠብ ነበር፤ አንድም ቀን አላሳከካትም። የአዲስ አበባም የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የተጣራ ነው። ስለዚህ በገንዳው የነበረና በባልዲው ያልነበረ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን። ቀኑ ሐምሌ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ገንዳውም ጣራ የሌለው እንደ ነበረ ተጽፏል። በኩሌ ሙቀት ያደገች ልጅ ዘላ የገባችው በረዶ በሚያህል ውኃ ውስጥ ነው። እኛ የምንጠረጥረው ብርዱን ነው።

ብርድ ብቻውን እንዲህ ያለ እብጠት የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ለቅዳሴ ሌሊት ወደ ወንዝ ወርደን ስንታጠብ እርሱ ብቻ ክንዱ እየተዥጐረጐረ ያብጥ ነበር። ልጆቹ የወንዝ ጋኔን ለከፈው እያልን እንሸሸው ነበር፤ ይህን ስንጽፍም እናፍራለን። የኔታ ግን ጠበሉን ካጠጡት በኋላ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ በእሳት እንዲሞቅለት አዘዙ። እብጠቱ ተወው። የኔታ አለርጂ የሚለውን ቃል በዕድሜያቸው የሰሙ አይመስለንም፤ ልጁን ግን አስተውለው ተመልክተውት ነበር።

ይህን ነገር ያቀለልነው አይምሰላችሁ። እጅን በቀዝቃዛ ውኃ ሲነክሩ ጥቂት ማበጥ ቀላል ነው፤ መላው ሰውነት ባንድ ጊዜ ሲነከር ግን የደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል፤ በውኃ ውስጥ ራሱን የሳተም ይሰጥማል። ልጅቱን ራሷን ያዞራት ለዚህ እንዳይሆን እንፈራለን። ስለዚህ እስክትመረመር ድረስ ወደ ገንዳም ወደ ወንዝም አትግባ። ምርመራው ቀላል ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ ክንድ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይደረግና፥ ከተነሣ በኋላ ቆዳው እየሞቀ ሲሄድ ያብጥ እንደ ሆነ ይታያል። ነገር ግን በቤት አይሞከር፤ አደጋ ቢመጣ መድኃኒት በቅርብ ያለበት ሐኪም ያድርገው። በኩሌ ካለው ጤና አገልግሎት ይጀምሩ፤ ካልሆነም በጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ያሳዩአት። ለሐኪሙም ሽፍታው በስንት ደቂቃ እንደ ወጣ፥ በስንት ሰዓት እንደ ጠፋ፥ ፊቷ ከውኃው በላይ ሳለ አብጦ እንደ ነበረ፥ በረዶ የመሰለ መጠጥ ስትጠጣ ከንፈሯ ያብጥ እንደ ሆነ ይንገሩት። እንደ ሴቲሪዚን ያሉ ክኒኖች ብዙ ሰው ይረዳሉ፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስናል። ከመንገድ የሚሸጥ፥ ሁሉን ያድናል የሚባል ቅባት አይቀቡባት፤ በውስጡ ያለው ብርቱ መድኃኒት የሕፃን ቆዳ ያሳሳል። ይህ ሕመም በብዙዎች ዘንድ ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ መሄዱም ያጽናናዎት።

ለሁሉም ወላጅ ደግሞ ይህን እንናገራለን። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፥ ከሽፍታው ጋር ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፥ ድምፅ ከጎረነነ፥ መተንፈስ ካስቸገረ፥ ወይም ልጁ ከወደቀ፥ ዳማከሴ የሚፈለግበት ጊዜ አይዶለም። ልጁን አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፥ መተንፈስ ካቃተው ደግፎ ማስቀመጥ፥ ሳይቆሙም አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ወዳለበት ሐኪም ቤት መክነፍ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ ገንዳው ይቅርብን፥ እግዚአብሔር በሠራው ወንዝ እንዋኝ» ይል ይሆናል። በወንዝና በሐይቅም የሚያሳክክ አለ፤ የርሱ መዘዝ ግን ይረዝማል። በብዙ የአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ዳር በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚራባው የቢልሃርዚያ ትል ቆዳን በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። በመጀመሪያ ጥቂት ያሳክካል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሆድን ይይዛል፥ ደም የተቀላቀለበት ዐይነ ምድርም ያመጣል። ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ይድናል፤ ሰው ግን ማሳከኩን ረስቶታልና ሕመሙን ከዋናው ጋር አያገናኘውም። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ፤ ከዚያም እንዶድ ለዚህ በሽታ መከላከያ እንዲሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አያቶቻችን ለነጭ ልብስ ብለው ያወቁት ፍሬ ነው። ስለ ባሮ ደግሞ ብዙ አንናገርም፤ በ1958 ዓ.ም. በጋምቤላ ለዋና የገባ አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል በአዞ መበላቱን አገሬው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ስለ ጠበሉ የጠየቁት ቀርቷል። እኅታችን ሆይ፤ በዚህ አይጨነቁ። በጥምቀት በዓል ካህኑ የተባረከውን ውኃ በሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ በጎንደር በዐፄ ፋሲል መዋኛም ሆነ በሌላ ባሕረ ጥምቀት ወጣቶች ዘለው የሚገቡት በደስታ ነው እንጂ ያልገባ ሰው በረከት የሚቀርበት ሆኖ አይዶለም። እንዲያውም ቀዝቃዛ ውኃ የሚያሳብጠው ልጅ ያለው ወላጅ በጥር ብርድ ልጁን አጥብቆ ይያዝ። ልጅዎ ጠበል ልትጠመቅ ብትፈልግ ለንስሐ አባትዎ የሆነውን ሁሉ በግልጥ ይንገሯቸው፤ በጥቂቱ መረጨትም መጠጣትም አለ። «ጠበል የሚያምን ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም» የሚልዎት ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጦ ያንብብ፤ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ በዚያ ያገኘዋል።

የሩፋኤል ዝናብ ደግሞ ደርሷል፤ ምርመራው እስከዚያ ላይፈጸም ይችላል። እኩዮቿ በደጅ ሲጨፍሩ እርሷን በመስኮት ማስቀረቱ ለልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦ ጧት ንጹሕ ሳፋ ሰጥተዋት ከደጅ ትደቅነው። ዝናቡ ሲሞላው ውኃውን ያስገቡትና ለብ እስኪል በእሳት አሙቀው በቤት ውስጥ በራሷ ላይ ያፍስሱላት። አስቀድመው ጥቂቱን በክንዷ ላይ ብቻ ያፍስሱ፤ ሩብ ሰዓትም ይጠብቁ፤ ካበጠ ይተዉት፤ ካላበጠ ሌላውን ይጨምሩላት። ሐኪሙ ያያት ጊዜም ያለውን በሁለት መስመር ቢጽፉልን፥ በጥርሱ ጽሑፍ ግርጌ ለሌሎች እናቶች እናሳትመዋለን።